የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰከንዶች አትዝለሏቸው

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ መቱ ሄጄ ነበር። መቱን ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ የምታገኟት የኢሉባቦር ዋና ከተማ ናት። ቡናው፣ ማሩና ጫካው እንዳለ ሆኖ የክረምቱ ጌታ ዝናብ ነው። አንዴ ከጀመረ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ መብራትም ብዙ ጊዜ ተከትሎት ይሄዳል። እንዲህ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ተጠጋኝ።

"ኤሱማ፣ አንድ ነገር ላሳይህ?"

ኤሱማ በአፋን ኦሮሞ የእናት ወንድም ማለት ነው። እኛ ቤት ሁለቱ ቋንቋዎች እንደ ቡናና ቡና ቁርስ አብረው ነው የሚቀርቡት።

ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ያሳየኝ ስልኩ ላይ በጣቱ የሳላትን የሁለት ደቂቃ ካርቱን ነው። ዣንጥላ የሌላት ተማሪ በዝናብ ወደ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል አንድ ጉሬዛ ነጭ ጅራቱን ዘርግቶ ያስጠልላታል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ሥዕሉ አንዳንድ ቦታ ይንቀጠቀጣል፣ የልጅቷም ቦርሳ መሀል ላይ ቀለሙን ይቀይራል። ግን እውነቴን ነው፣ ደስ ትላለች።

ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ሰከንድ የምትቆይ ሌላ ነገር አለች። ጥቁር ስክሪን ላይ ጀበና ብቅ ይላል። ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት እየተጠማዘዘ መጀመሪያ የልጁን ስም፣ ቀጥሎ "መቱ" የሚለውን ቃል ይጽፋል። ከዚያ ይበተንና ካርቱኑ ይጀምራል።

"ይቺስ?" አልኩት።

"ሎጎዬ ናት።"

የሚሠራው ፍሊፓክሊፕ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይስላል። ሦስት ሰከንድ ማለት 36 ጀበና፣ 36 እንፋሎት ነው። ስንት ቀን እንደፈጀበት ጠየቅኩት። "አራት። መብራት ባይጠፋ ሦስት ነበር" አለኝ።

ከዚያ ሊያሳየኝ ወደፈለገው ዋና ጉዳይ ገባ። አንድ የቴሌግራም ቻናል ከፈተ። ያቺው ካርቱን እዚያ አለች፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አይቷታል። ጀበናዋ ግን የለችም። ቪዲዮው የሚጀምረው ቀጥታ ከጉሬዛው ነው። ጥጉ ላይ የቻናሉ ስም ተለጥፏል። ከሥር ደግሞ ሰዎች "የየት አገር ካርቱን ነው? የኬንያ ነው?" እየተባባሉ ይጠያየቃሉ።

ለቻናሉ ባለቤት ጽፎለት ነበር። የመጣለት መልስ አጭር ነው፦ "ኢንትሮው ሰው ያሰለቻል፣ ለዛ ነው የቆረጥኩት።"

ልጁ እንድናደድለት ጠብቆ ነበር። እኔ ግን ዝም አልኩ። ምክንያቱም በልጅነቴ ያንን ሥራ ስሠራ የነበርኩት እኔ ነኝ።

"ዋናውን አምጣ!"

የዛሬ ወጣቶች ቪዲዮ ቤትን ላታውቁት ትችላላችሁ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በርከት ያሉ አግዳሚ ወንበሮች። በር ላይ ሽልንግ ከፍላችሁ ትገባላችሁ። የጃኪ ቻን፣ የሽዋዚንገር፣ የሕንድ ፊልም፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለሕፃናት ቶምና ጄሪ። እኔ በክረምት ዕረፍት መቱ ውስጥ በአንዱ ቪዲዮ ቤት እረዳ ነበር። ደመወዝ የለውም፤ ክፍያዬ በነፃ ማየት ነው።

ሥራዬ ሪሞት መያዝ ነበር። ካሴቱ ሲገባ የድርጅቶች ዓርማ ይመጣል፤ ሰዉ ወዲያው "ዋናውን አምጣ!" ብሎ ይጮኻል። እኔም አሳልፋለሁ። የሆንግ ኮንጉን የጎልደን ሃርቨስት ዓርማ ብቻ ማንም እለፈው አይለኝም። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ የሚሰማውን ከበሮ መሰል ድምፅ እንደሰማን ድብድብ ሊመጣ እንደሆነ እናውቃለና። እንግሊዝኛ የማያነብ ልጅ ሁሉ ያንን "ያነብ" ነበር።

ቶምና ጄሪ ሊጀምር ሲል ደግሞ አንበሳው ይመጣል። ታናሽ እህቴ በዚያ አንበሳ ምክንያት ቀሚሷን ፊቷ ላይ ትሸፍን ነበር። ድምፁ ሲያልቅ "ሄደ?" ትለኛለች። "ሄደ" ስላት ትገልጣለች። የዛሬው ካርቱን ሠሪ እናት እሷ ናት።

ያኔ ያ አንበሳ ምን እንደሚሠራ ማናችንም አልጠየቅንም። የካርቱኑ አካል ይመስለን ነበር፤ ወይም ካርቱኑን የሚጠብቅ ዘበኛ። ሰው የሠራው፣ ድርጅት ያለው፣ "ይህ የእኔ ነው" የሚል ፊርማ መሆኑን ያወቅኩት አድጌ አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ፊርማ ነው

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የውጭዎቹን ዓመታት የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሜሪካ ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያውና ፕሮግራሙን የሚሠራው ድርጅት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ጣቢያው ያሳያል፤ ሌላው ይሠራል። ታዲያ ተመልካቹ የሚያውቀው ጣቢያውን ስለሆነ፣ የሠሪው ስም የምትኖረው በመጀመሪያዋ ወይም በመጨረሻዋ ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺን ሰከንድ ሰው እንዳይረሳት አድርገው ለመሥራት ይጨነቁ ነበር።

በ1973 ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ የበዓል ካርቱኖችንና ሌሎች ልዩ ዝግጅቶችን የሚያስጀምርበት አዲስ ዓርማ አወጣ። "ልዩ" የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ በብዙ ቀለም እየተሽከረከረ ይመጣል፤ ከበሮው ይመታል። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ልጆች ያንን ከበሮ ሲሰሙ ከየክፍላቸው ሮጠው ሳሎን ይገቡ እንደነበር ዛሬ አርጅተው ያወራሉ። እኛ የአባባ ተስፋዬን ድምፅ ስንሰማ ከግቢ እንደምንሮጠው ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የዛሬው ኮምፒውተር የለም። ብዙዎቹ የሚሽከረከሩ ፊደላት የተሠሩት ስካኒሜት በሚባል ማሽን ነው። ጽሑፉ በካሜራ ይቀረጻል፤ ባለሙያው ቁልፎችን እያዞረ ምስሉን የሚሥለውን የኤሌክትሮን ጨረር ያጣምመዋል፣ ይዘረጋዋል፣ ያሽከረክረዋል። ሬዲዮ ጣቢያ እንደመፈለግ በሉት። በዓለም ላይ የተሠሩት ስካኒሜቶች ስምንት ብቻ ነበሩ።

ሁሉም ዓርማ አልተወደደም። ስክሪን ጀምስ የተባለው ድርጅት በ1965 ያወጣው ቀይ "ኤስ" ፊደል ከነሙዚቃው ሕፃናትን ስላስፈራ "ከሲኦል የመጣው ኤስ" የሚል ስም ወጣለት። በ2010 በዚህ ስም አጭር ዘጋቢ ፊልም ሁሉ ተሠርቶበታል። ለእህቴ ነገርኳት። "አየህ! እኔ ብቻ አይደለሁም" አለች፤ ከስንት ዓመት በኋላ ፍርድ እንዳገኘ ሰው።

ፊልሜሽን የተባለው የካርቱን ድርጅት ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረበት። ባለቤቶቹ ሉ ሻይመርና ኖርም ፕሬስኮት ናቸው። የማን ስም ይቅደም? መፍትሔ አገኙ፤ ሁለቱን ስሞች ክብ ሠርተው አሽከረከሯቸው። መጀመሪያም መጨረሻም የለም። ሳቅ ያሰኛል፤ ግን ስም ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ያሳያል።

ስም ሳይጎላ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ይኸውላችሁ። በታኅሣሥ 1964 ቀይ አፍንጫ ስላለው ሩዶልፍ ስለተባለ አጋዘን የሚተርክ የገና ዝግጅት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተላለፈ። እስከ ዛሬ በየገናው ይታያል። ድርጅቱ በኋላ ራንኪን ባስ ተብሎ በሁለቱ አሜሪካውያን ባለቤቶቹ ስም ታወቀ። አሻንጉሊቶቹን ግን ሚሊሜትር በሚሊሜትር እያንቀሳቀሰ የቀረጸው ቶኪዮ ውስጥ የነበረው የታዳሂቶ ሞቺናጋ ቡድን ነው። ስሙ ፊልሙ ላይ በትንሽ ጽሑፍ አለ፤ ግን ስንት ልጅ አነበበው? ትልቁን ስም ያየ ሁሉ ሠሪው እሱ ብቻ ይመስለዋል።

የእኛስ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረውም በዚያው በ1964 ነው፤ በእኛ 1957 ዓ.ም.። ከአጋዘኑ በአንድ ወር ብቻ ይቀድማል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የሚሠራውም፣ የሚቀርጸውም፣ የሚያሳየውም አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስለዚህ የሠሪ ዓርማ የሚባል ነገር አላስፈለገም፤ የጣቢያው ምልክት ለሁሉም ይበቃል።

የልጆች ፕሮግራም ግን ዓርማ ነበረው እላለሁ። ዓርማው ሰው ነበር። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ለ42 ዓመታት ያህል የልጆችን ጊዜ መርተዋል። የሚሽከረከር ፊደል የለ፣ ከበሮ የለ። እሳቸው ብቅ ብለው ልጆችን "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" ሲሉ ፕሮግራሙ ተጀመረ ማለት ነው።

መቱ ውስጥ እኛ የምናየው ጎረቤት ቤት ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በክረምት ጭቃውን አራግፈን። መሬት ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። ሰላም ሲሉን ጮክ ብለን እንመልሳለን፤ እንደሚሰሙን እርግጠኞች ነን። አንዳንዴ ልክ ሰላምታው ላይ መብራት ይሄዳል። ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ አንዱ የእሳቸውን ድምፅ አስመስሎ ይቀጥልልናል። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ ያዮና በደሌ፣ የእኔን ዕድሜ የኢሉባቦር ልጅ ጠይቁ፤ ሰላምታውን ይደግምላችኋል።

አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያዘነው ለዚህ ነው። ሰው ዓርማ ሲሆን ግን አንድ ችግር አለው፤ ሰውየው ሲሄድ ዓርማውም ይሄዳል። ከካሜራው ኋላ የነበሩትን፣ ካሜራ የያዙትን፣ መብራት ያበሩትን፣ ዳራውን የሳሉትን ደግሞ እኛ ልጆቹ በስም አናውቃቸውም። አንዳቸው ከኢሉባቦር ይሆኑ? ልጅ ሆኜ ይህ ጥያቄ በአእምሮዬ አልፎ አያውቅም። ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባ እንደ ዝናብ የሚወርድ ነገር ነበር፤ ዝናብን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቀጥሎ የመጣው ትውልድ የተሻለ ዕድል ገጠመው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች ወጣት መምህርት ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ዎርክሾፕ የተባለ ድርጅት አቋቁማ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተሰኘውን ፕሮግራም ጀመረች። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። በመጀመሪያ የተሠራችው ከካልሲ ነው፤ ሥራው የተጀመረውም መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ብሩክታዊትም በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሮሌክስ ሽልማት ለወጣቶች ከሚሰጠው ተቋዳሽ ሆነች። በኋላ ይኸው ድርጅት ጥበብ ገርልስን ይዞ መጣ፤ ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ጀግና የሆኑበት አኒሜሽን።

ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጣቢያው ሌላ፣ ሠሪው ሌላ ሆነ። የሠሪው ስም ለብቻው መታወቅ ጀመረ። አንድ ልጅ "ይህን የሠራችው መምህርት ናት፤ ቤቷ ውስጥ፣ በካልሲ ጀምራ" ብሎ ማወቅ ቻለ። ካልሲ ደግሞ መቱም አለ።

ግን ወዲያው ዲሹ መጣ። ኤምቢሲ 3 እና ስፔስቱን በየቤቱ ገቡ። በመቱ መንደሮች አረብኛ የማይሰሙ ሕፃናት በአረብኛ የካርቱን መዝሙር ሲያዜሙ ሰምቻለሁ። ለእነሱ ካርቱን እንደገና ከሩቅ የሚወርድ ነገር ሆነ፤ ያውም ከአዲስ አበባ በላይ ሩቅ።

የጠፋው ካሴት

አንድ ነገር ልናዘዝ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ዴኩ ስለሚቀርጽ አንድ የእንቁጣጣሽ የልጆች ዝግጅት ከቴሌቪዥን ቀርጾ አስቀምጦ ነበር። አደይ አበባ ላይ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ከዚያ ልጆች ይዘፍናሉ። ከዓመት በኋላ ባዶ ካሴት ፈልጌ አጣሁ። ያንን አወጣሁና የሕንድ ፊልም ቀረጽኩበት። ማንም አልተቆጣኝም። ማንስ ምን ብሎ?

አሜሪካኖቹ ዛሬ የድሮ ዓርማዎቻቸውን ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ ድርጅቶቹ ስላስቀመጡላቸው አይደለም። ተራ ሰዎች ቤታቸው የቀረጹትን ካሴት ሳይሰርዙ ስላቆዩ ነው። እኔ ሰርዣለሁ። የሕንዱ ፊልም ዛሬም በየኢንተርኔቱ አለ። ያ እንቁጣጣሽ ግን ሌላ ቅጂ ይኑረው አይኑረው እንጃ፤ የእኛ መንደር ቅጂ በእኔ እጅ ነው የጠፋው።

ይህን ሁሉ ያን ዝናባማ ከሰዓት ለልጁ ነገርኩት። ሪሞቱን፣ "ዋናውን አምጣ"ን፣ ካሴቱን። ዝም ብሎ ሰማኝና "ታዲያ አንተም እንደዛ ሰውዬ ነበርክ ማለት ነው" አለኝ።

"ነበርኩ።"

ቆርጬ ስል ግን ሰው ስለጠላሁ አልነበረም። ሰው ያለው መስሎ ስላልታየኝ ነው። የቻናሉ ባለቤትም ምናልባት እንደዚያው ነው። 36ቱን ጀበና የሳለ ጣት አልታየውም። የታየው "ኢንትሮ" ነው። ደግሞ እውነት እንነጋገር፤ እኛ ራሳችን ስልካችን ላይ ያቺን "ዝለል" የምትል ቁልፍ ስንቴ በቀን እንነካለን?

ጉዳቱ ደግሞ የልጁ ብቻ አይደለም። ካርቱኗን ያየችና ጀበናዋን ያላየች የጎሬ ልጅ "ኬንያ ነው የተሠራው" ብላ ታልፋለች። "መቱ" የሚለውን ቃል ብታነብ ኖሮ ግን ነገሩ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃታል። ስልክ አላት፣ ጣት አላት። ያቺ ሦስት ሰከንድ ለልጁ ክብር ብትሆንም ለሌላው ልጅ አድራሻ ናት።

የማይቆረጥ ዓርማ

በማግሥቱ መብራት ሲመጣ ልጁን ሁለት ነገር አሳየሁት። አንዱ ቸክ ጆንስ በ1960ዎቹ የሠራቸው ቶምና ጄሪዎች አጀማመር ነው። አንበሳው እንደ ወትሮው ያገሳል፤ ከዚያ ድንገት በእሱ ቦታ ቶም ይመጣና እንደ ድመት ይጮኻል። ዓርማው ራሱ ቀልድ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው የፒክሳር መብራት ነው። ያቺ እየዘለለች መጥታ ፊደሉን የምትጨፈልቀው የጠረጴዛ መብራት መጀመሪያ ዓርማ አልነበረችም። በ1986 የተሠራ የአንድ አጭር ፊልም ባለታሪክ ነበረች። ከታሪክ ወጥታ ነው ፊርማ የሆነችው።

እህቴ ከኋላችን ቆማ ነበር። አንበሳው ሲያገሳ አልሸፈነችም። "ይኼን ነበር የምፈራው?" ብላ ሳቀች።

ልጁ ግን አልሳቀም፤ እያሰበ ነበር። "ኤሱማ፣ ጀበናዋን ታሪኩ ውስጥ ባስገባትስ?" አለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቪዲዮ ላከልኝ። ተማሪዋ ከቤት ልትወጣ ነው። አያቷ ቡና እየቀዱ ነው። ከጀበናው የወጣው እንፋሎት ስሙን ጻፈ፤ ከሥሩ "መቱ" አለ፤ ከዚያ ሳይበተን በመስኮት ወጣ። ጫካ ውስጥ ያለው ጉሬዛ ሽታውን ይዞ፣ የፊደሎቹን ጭራ እየተከተለ፣ ልጅቷ ደጃፍ ደረሰ። እንፋሎቱን ከቆረጣችሁት ጉሬዛው አይመጣም። ጉሬዛው ካልመጣ ልጅቷ ትበሰብሳለች።

ከሥር የጻፈልኝ አንድ መስመር ነው፦ "አሁን ይቁረጥ እስቲ!"

ከአጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ስልኬን ሰረቅ አድርጋ አየችና "የየት ነው?" አለችኝ። መልሼ ከመጀመሪያው ከፈትኩላት።